ስለ እንጉዳይ ለቀማና ስለ ደን ሕግ፤ ከቡጋንዳ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

የታሪክ መምህር ብዙውን ጊዜ ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው የነገሥታትን ጦርነት፥ የመንግሥታትን ውልና የታላላቅ ሰዎችን ሥራ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ኑሮ በትልልቁ ነገር ብቻ አይመዘንም። አንዲት እናት ዝናብ ካባራ በኋላ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ጫካ ገብታ ያነሣችው እንጉዳይ የራሷ ነው ወይስ የመንግሥት የሚለው ጥያቄም የታሪክ ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ለመመርመር የኡጋንዳን ዋና ከተማ ካምፓላንና በዙሪያዋ ያለውን የቡጋንዳን አገር ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። የአገራችን ነገር በሚነሣበት ስፍራ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ካምፓላ በብዙ ኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ስሟም ኢምፓላ ከሚባለው የአጋዘን ዓይነት ጋራ የተያያዘ መሆኑ ይነገራል። የቡጋንዳ ንጉሥ፥ በአገሩ ቋንቋ ካባካ የሚባለው፥ ቤተ መንግሥቱ በሜንጎ ኮረብታ ላይ ነው። ሉጋርድ የተባለው የእንግሊዝ መኰንን በ1890 መጨረሻ መጥቶ ምሽጉን የሠራው ደግሞ ዛሬ አሮጌው ካምፓላ በሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። አገሩ ለቪክቶሪያ ሐይቅ ቅርብ ስለ ሆነ ዝናብ አይርቀውም፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ፥ አጥብቆ ይዘንባል።

እንዲህ ባለው አገር እንጉዳይ በብዛት መብቀሉ አያስደንቅም። ባጋንዳዎች እንጉዳይን በጠቅላላው «ኦቡቲኮ» ይሉታል። አብልጠው የሚወዱት ግን ከምስጥ ኩይሳ ጋራ የሚበቅለውን ነው፤ ከዚህም ወገን አነስተኛው «ኦቡባላ» ይባላል። ሊቃውንት ይህን የእንጉዳይ ወገን «ተርሚቶሚሴስ» ብለው ይጠሩታል፤ ይህንም ስም በ1942 ያወጣለት ሮዤ ኤም የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ምስጦቹ የደረቀውን ቅጠልና የእንጨቱን ስብርባሪ እየሰበሰቡ ከኩይሳው ውስጥ ይህን ዘር እንደ ገበሬ ያለማሉ፤ እርሱም በፈንታው ቀለባቸው ይሆናል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ከመሬት ብቅ ብሎ ለሰው ዓይን ይታያል። ያለ ምስጥና ያለ ኩይሳ ግን ሰው በጓሮው ዘርቶ ሊያበቅለው አልተቻለውም። ስለዚህ ይህን እንጉዳይ የሚወድ ሰው ኩይሳው ወዳለበት፥ ወደ ዱሩና ወደ ጫካው መሄድ ግድ ይሆንበታል። ባለሞያዋም ሴት ከለውዝ ወጥ ጋራ አድርጋ፥ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በእንፋሎት ታበስለውና ማቶኬ ከሚባለው የሙዝ ምግብ ጋራ ታቀርበዋለች።

ባጋንዳዎች በብዙ ጎሣ የተከፈሉ ናቸው። እያንዳንዱም ጎሣ «ሙዚሮ» የሚባል ምልክት አለው፤ ቃሉ ሰው የሚታቀብበት፥ የማይበላው ነገር ማለት ነው። ከነዚህ ጎሣዎች አንዱ የቡቲኮ ጎሣ ነው፤ ምልክቱም እንጉዳይ ስለ ሆነ የዚህ ጎሣ ልጅ እንጉዳይ አይበላም። በአፈ ታሪክ እንደሚተረከው፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ካባካ ናኪቢንጌ በጦርነት ሞቶ አልጋው ወራሽ ባጣ ጊዜ፥ ከቡቲኮ ጎሣ ከሆነች ሚስቱ የተወለደው ሙሎንዶ ገና ሕፃን ሳለ ነገሠ። «አማጉንጁ» የሚባለውን ጭፈራ የእናቱ ወገኖች ያወጡት ሕፃኑ ንጉሥ እንዳያለቅስ ለማባበል ነው ይባላል፤ ጭፈራውም እስከ ዛሬ ድረስ የጎሣው መታወቂያ ሆኖ ይኖራል። ከዚህ እንደምንረዳው፥ የመንግሥት የደን ሕግ ከመውጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ እንጉዳይ በቡጋንዳ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ማን እንደሚበላውና ማን እንደማይበላው የሚወስነው የጎሣው ልማድ ነበር።

በዚያ በቀድሞው ዘመን የመሬት ሁሉ የበላይ ካባካው ነበር። ጎሣዎቹ የአባቶቻቸው መቃብር ያለበትን «ቡታካ» የሚባለውን ርስት ይጠብቃሉ፤ ሹማምንቱ በየግዛታቸው ያዛሉ፤ ባላገሩም ለሹሙ እየሠራና እየገበረ ይኖራል። ይህ ሥርዓት ከበደል የጸዳ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን ጫካውን ከመንደሩ ለይቶ «ይህ የመንግሥት ነው፤ አትግባበት» የሚል በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን አልነበረም። ማገዶ የሚለቅም፥ መድኃኒት የሚቈርጥ፥ እንጉዳይ የሚያነሣ ሰው የሚጠይቀው ጎረቤቱንና ሹሙን እንጂ ወረቀት አልነበረም።

ይህን ሁሉ የለወጠው በ1900 መጋቢት ወር የተፈረመው የቡጋንዳ ውል ነው። በእንግሊዝ መንግሥት በኩል የፈረመው ሰር ሃሪ ጆንስተን ሲሆን፥ በቡጋንዳ በኩል ካባካ ዳውዲ ችዋ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስለ ነበረ፥ ሦስቱ እንደራሴዎቹ አፖሎ ካግዋ፥ ስታኒስላውስ ሙግዋንያና ዘካርያ ኪሲንጊሪ ስለ እርሱ ሆነው ተስማሙ። ውሉ የቡጋንዳን ስፋት 19,600 ካሬ ማይል አድርጎ ገመተና አከፋፈለው። ከዚህም ውስጥ 8,000 ካሬ ማይል ለ1,000 ሹማምንትና ባለ መሬቶች ለእያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ካሬ ማይል ሆኖ ተመደበ፤ ለካባካው 350 ካሬ ማይል ተሰጠ፤ 9,000 ካሬ ማይል ጠፍና ያልለማ መሬት፥ 1,500 ካሬ ማይልም ደን በእንግሊዝ አስተዳደር እጅ እንዲሆኑ ተወሰነ። ለሹማምንቱ የተሰጠው ርስት በእንግሊዝኛው የርቀት መለኪያ ስም «ማይሎ» ተባለ፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በዚህ ክፍፍል የተረሳው ባላገሩ ነው። በአንድ ፊርማ ጫካው ለአስተዳደሩ፥ እርሻው ለባለ ማይሎ ሆነ፤ የሚያርሰውና የሚለቅመው ሰው ግን ትናንት በኖረበት ስፍራ ዛሬ የሌላ ሰው ጭሰኛ ሆኖ አደረ። የጭሰኛው ብሶት እየበረታ ስለ ሄደ በ1928 «ቡሱሉና ኤንቩጆ» የተባለው ሕግ ወጥቶ ባለ ርስቱ የሚቀበለውን ግብርና መዋጮ ወሰነው። ስለ መሬቱ እንዲህ ያለ እርማት ቢደረግም፥ ስለ ጫካው ግን የአስተዳደሩ ጥበቃ እየጠበቀ ሄደ።

ለእውነት ስንል የደን ሕግ አውጪዎቹን ምክንያት መናገር ይገባናል። በኡጋንዳ የደን አገልግሎት የተቋቋመው በ1898 ነው። በዚያ ዘመን ከካምፓላ ወደ ጂንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ማቢራን የመሰሉትን ታላላቅ ደኖች ለዱር ጎማ ሲሉ የሚመኟቸው የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የከተማው የማገዶና የሣንቃ ፍላጎትም ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄደ። ጠባቂ የሌለው ደን በጥቂት ዓመታት ሊያልቅ እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለዚህ በ1929 የደን መመሪያ ተጻፈ፤ በ1932 ማቢራ ጥብቅ ደን ሆኖ ተከለለ፤ በ1947ም ከነጻነት በኋላ ሳይቀር ለብዙ ዓመታት የጸናው የደን ሕግ ወጣ። ጥፋቱ ደኑን መጠበቃቸው አይደለም። ጥፋቱ መጋዝ ይዞ የሚመጣውንና ቅርጫት ይዛ የምትመጣውን በአንድ ዓይን መመልከታቸው ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፥ ሕጉን ያመጡት ሰዎች በገዛ አገራቸው ይህን ልዩነት ለይተው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። በእንግሊዝ አገር የቀድሞዎቹ ነገሥታት ደኑን ሁሉ ለአደናቸው ከልለው ሕዝቡን ባስጨነቁት ጊዜ፥ በ1217 «የደን ቻርተር» የሚባለው ደብዳቤ ወጣ። ያን ጊዜ ንጉሡ ሄንሪ 3ኛ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ደብዳቤው የወጣው በእንደራሴው እጅ ነው። በዚህም ቻርተር ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በገዛ ዱሩ የሚገኘውን ማር እንዲወስድ፥ ዐሣማዎቹንም በጫካ እንዲያሰማራ ተፈቀደለት፤ የንጉሥን አውሬ ስለ ገደለም ማንም ሰው ሕይወቱን ወይም አካሉን እንዳያጣ ተደነገገ። እንግዲህ በእንግሊዝም በቡጋንዳም የደኑ ውል የተጻፈው በሕፃን ንጉሥ ስም ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ከመንግሥት ወደ ሕዝብ የመለሰ፥ ሁለተኛው ከሕዝብ ወደ መንግሥት የወሰደ መሆኑ ነው።

ከዚህም ሌላ፥ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት የ1968 የስርቆት ሕግ እንጉዳይን በስሙ ጠርቶ ይናገራል። በማንም መሬት ላይ በዱር የበቀለ እንጉዳይ ያነሣ ሰው፥ ለመሸጥ ወይም ዋጋ ለማግኘት ካላደረገው በቀር፥ ሌባ አይባልም ይላል። በስዊድንና በፊንላንድም ማንኛውም ሰው በዱር የበቀለውን ፍሬና እንጉዳይ መልቀም እንዲችል የቈየ ልማድ ይፈቅድለታል። በእነዚህ አገሮች ሕጉ እስከዚህ ትንሽ ነገር ድረስ ዝቅ ብሎ መናገሩ ሕግ አውጪዎቹ ሥራ ስለ ፈቱ አይደለም፤ ድኻው ሰው ከሕግ ጋራ የሚገናኘው በትንንሹ ነገር መሆኑን ስላወቁ ነው።

ኡጋንዳ በ1962 ነጻ ወጣች። በ1967 የነገሥታቱ አልጋ ተሻረ። በ1975 በኢዲ አሚን ዘመን የወጣው ድንጋጌ መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገው፤ በዚያው ዓመት በአገራችንም የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በ1993 የካባካው አልጋ ተመለሰ፤ የ1995 ሕገ መንግሥትም የማይሎን ርስት እንደ ገና ዐወቀ። ይኸው ሕገ መንግሥት ጥብቅ ደኖችን መንግሥት ለሕዝቡ በዐደራ ይዞ እንዲጠብቃቸው ያዛል። ዐደራ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከፍ ያለ ትርጉም አለው፤ ዐደራ ተቀባይ ጠባቂ ነው እንጂ ባለቤት አይደለምና።

በ2003 አዲስ የደንና የዛፍ ተከላ ሕግ ወጥቶ የ1947ቱን ሻረ፤ ጥብቅ ደኖቹን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ደን ባለሥልጣንም ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን በካምፓላ አደረገ። ይህ ሕግ «የደን ውጤት» የሚለውን ቃል በደን ውስጥ የሚገኘውንና የሚበቅለውን ነገር ሁሉ እንዲጨምር አድርጎ በሰፊው ተረጐመው። ከዚያም ያለ ፈቃድ የደን ውጤት መቍረጥን፥ ማበላሸትንና ማውጣትን ከለከለ። ከክልከላው ያወጣው ግን ጥቂት ነገር ነው። ሕጉ በወጣበት ጊዜ 33ኛ ቍጥር የነበረው ክፍል፥ የአካባቢው ሰው የደኑን የአስተዳደር ዕቅድ ጠብቆ ለቤቱ ፍጆታ የሚሆን ደረቅ እንጨትና ቀርከሃ በመጠኑ ያለ ክፍያ እንዲወስድ ይፈቅዳል። እንጉዳይ በዚህ ክፍል በስሙ አልተጠራም።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ነገር ፍጻሜ አስተውል። ደረቅ እንጨት የምትለቅም እናት መብት አላት። በዚያው ቀን፥ በዚያው ጫካ፥ ከእንጨቱ ሥር የበቀለውን እንጉዳይ ባነሣች ጊዜ ግን እንደ ሕጉ ቃል ፈቃድ የሚያስፈልገውን የደን ውጤት አወጣች ሊባል ይችላል። የደን ጠባቂው ደግ ሰው ከሆነ ዝም ብሎ ያሳልፋታል፤ ክፉ ሰው ከሆነ ሕጉን ጠቅሶ ሊያስፈራራትና እጅ መንሻ ሊጠይቃት ይችላል። እንግዲህ የምትኖረው በመብት ሳይሆን በሌላው ሰው ጠባይ ነው። ሕግ ትንሹን ነገር በስሙ ሳይጠራ በሰፊ ቃል ሲከለክል የሚያመጣው ጕዳት ይህ ነው። የሕጉ ፊደል ጥብቅ፥ አሠራሩ ልል ይሆንና በሁለቱ መካከል ለጕቦ የሚመች ስፍራ ይከፈታል።

ይሁን እንጂ ሕጉ መድኃኒቱንም ይዟል። የደኑ ኀላፊ ከአካባቢው ሰዎች ማኅበር ጋራ በውል ተስማምቶ ደኑን አብሮ እንዲያስተዳድር ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ውል ሲጻፍ ማር፥ መድኃኒት፥ እንጉዳይ፥ ለቅርጫት የሚሆን ሐረግ እያንዳንዱ በስሙ ሊገባበት፥ መቼና ምን ያህል እንደሚለቀምም ሊወሰን ይቻላል። በ1990ዎቹ ዓመታት የኤልጎን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ከጎረቤቶቹ መንደሮች ጋራ ባደረገው ውል፥ ሰዎቹ ለምግብ የሚወዱትን የቀርከሃ ቡቃያ እንዲሰበስቡ ተፈቅዶላቸዋል። በአንጻሩ ግን በ1991 ብዊንዲና ምጋሂንጋ ብሔራዊ ፓርክ በሆኑ ጊዜ፥ ከጥንት ጀምረው በጫካው ይኖሩ የነበሩት የባትዋ ሕዝብ ከደኑ ወጥተው ያለ መሬት ቀሩ። ሁለቱም የተደረጉት ደንን ለመጠበቅ በሚል አንድ ዓላማ ነው፤ ፍጻሜያቸው ግን ፈጽሞ ተለያየ።

የደኑ ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ በ2007 ካምፓላ ከተማ ድረስ መጣ። መንግሥት 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሰፋው ከማቢራ ደን 7,100 ሄክታሩን፥ ይኸውም ሩብ ያህሉን፥ ለሸንኮራ አገዳ ተክል ለስኳር ኩባንያ ለመስጠት ዐሰበ። በሚያዝያ ወር ሕዝቡ በካምፓላ አደባባይ ተቃውሞውን ለመግለጽ በወጣ ጊዜ ሁከት ተነሣና የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከሞቱትም አንዱ ሕዝቡ በቍጣ የገደለው የህንድ ተወላጅ ነው። ይህ ግድያ የተቃውሞውን እውነተኛነት ያሳደፈ ዐሳዛኝ ነገር ሆኖ ቀረ። ዕቅዱ በዚያው ዓመት ቆመ፤ በ2011 ደግሞ እንደ ገና ተነሥቶ እንደ ገና ተቃውሞ ገጠመው። ድኻዋ ቅርጫት ሙሉ እንጉዳይ ስታወጣ ፈቃድ የሚጠይቅ መንግሥት፥ ኩይሳውን ከነደኑ ለአንድ ኩባንያ ሊሰጥ ሲነሣ ሕዝቡ ዐደራውን ቢያስታውሰው አያስደንቅም። እንጉዳይ የሚለቅም ሰው ኩይሳውን እስካላፈረሰ ድረስ በሚመጣው ዝናብ ተመልሶ ያገኘዋል፤ ደኑ ከተመነጠረ ግን ለቀማውም ሕጉም አብረው ይጠፋሉ። በመንግሥቱ መዝገብ እንደሚታየው፥ በ1990 ከኡጋንዳ ምድር 24 በመቶ ያህሉ ደን ሲሆን፥ በ2015 ወደ 9 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ይህን ሁሉ ደን ያጠፋው መጥረቢያና እርሻ፥ ከሰልና ሣንቃ ነው እንጂ እንጉዳይ ለቃሚ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ሐበሾች በብዙው አገር እንጉዳይን አጥብቀን የምንወድ ሕዝብ አይደለንም። ባላገሩ የማይበላውንና መርዝ ያለበትን «የጅብ ጥላ» ብሎ ሰይሞ ልጆቹን ያስጠነቅቃል። ቢሆንም በደቡብ ምዕራብ ባሉት ደኖች የሚኖሩት ወገኖቻችን የሚበላውን ከማይበላው ለይተው ያውቃሉ። በከፋና በሸካም «ቆቦ» የሚባል የቈየ ልማድ አለ፤ በዚህም ልማድ ቀፎ የሚሰቀልበትን ደን የትኛው ቤተ ሰብ እንደሚይዝ ማኅበረ ሰቡ ለይቶ ያውቅ ነበር። ሕግ ሳይጻፍ በፊት ሕግ እንደ ነበረ ይህ ሌላ ምስክር ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የእንጦጦ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገብቶ ለከተማዪቱ ማገዶ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በካምፓላም አጠገብ በናማንቬ የባሕር ዛፍ ደን ተተክሎ ነበር፤ እርሱም በ1990ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ለፋብሪካ መንደር እንዲሆን ከጥብቅ ደንነት ወጣ። በእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፥ ሸክሙን በጀርባቸው አዝለው ቍልቍለቱን የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እነርሱም ከዘበኛ ጋራ ሲሟገቱ፥ አንዳንድ ጊዜም ሸክማቸውን ሲነጠቁ ኖረዋል። የእነርሱ ጥያቄና የቡጋንዳዪቱ እንጉዳይ ለቃሚ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ የወደቀ ነገር የማን ነው? በአገራችን የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረ ሰብ ደን መኖሩን ዐውቋል። ይህ መልካም መንገድ ነው። ነገር ግን ዐዋጁ በቅርጫትና በሸክም ልክ ተተርጕሞ ለለቃሚዎቹ ካልደረሰ፥ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ልማድ ባለበት ስፍራ ሕግ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ልማዱን መጠየቅ ይገባዋል፤ የ1900ው ውል ከእንደራሴዎቹ በቀር ከለቃሚዎቹ አንዱን እንኳ አልጠየቀም። ሁለተኛ፥ ትንሽ መብት በስሟ ካልተጻፈች በጠባቂው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለች ትሆናለች። ሦስተኛ፥ ደንን አጥብቆ የሚጠብቀው ከደኑ የሚጠቀመው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱን ባዳ ያደረገ ሕግ ደኑን ያለ ዘበኛ ያስቀረዋል።

በዚህም ሥራ የመምህር ድርሻ ታላቅ ነው። እናት ልጇን ይዛ ወደ ጫካ በሄደች ጊዜ የሚበላውን እንጉዳይ ከመርዘኛው መለየትን፥ ኩይሳውን ሳያፈርሱ ማንሣትን ታስተምረዋለች። ይህ ትምህርት ያለ ሰሌዳና ያለ ጠመኔ የሚሰጥ ታላቅ ዕውቀት ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል፥ ከወዴት እንደ መጣና እንዴት ሊታረም እንደሚቻል ብናስተምረው፥ ያ ልጅ ነገ ሕግ አውጪ ወይም የደን ጠባቂ በሆነ ጊዜ የእናቱን ቅርጫት አይረሳም። ደንን የሚጠብቅ ትውልድና ድኻን የማይበድል ሕግ የሚገኙት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ያም ምንጭ ትምህርት ነው።